በመርከቢቱ ላይ ውሃ ጎደለ

አንባቢ ሆይ፤ ካርታም ኳስም የማይፈልግ ጨዋታ አለ ብንልህ «ወሬ ነዋ!» ትለን ይሆናል። ከወሬም አይርቅም። አንዱ ታሪኩን ይከፍታል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ፤ እንዲህ እላለሁ» ይላሉ፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይቆርጠዋል። አሜሪካኖቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር መጽሐፍ አድርገው ስላሳተሙት ፈጣሪዎቹ እነሱ ናቸው ይባላል። ይሁን እንጂ በልጅነቱ እንቆቅልሽ ተጠይቆ መልሱ ቢጠፋው አገር የሰጠ፥ የእርሱ ያልሆነውንም አገር ሰጥቶ ከልቡ የተቆጨ ሁሉ፥ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። እኛ ጎንደርን በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ሰጥተናል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ማርክ ሚለር የደረሰው «ትራቨለር» የተባለው የጠፈር ጨዋታ ደግሞ አንድ ጉድ ነበረበት፤ ተጫዋቹ የሚሆነውን ሰው የኋላ ታሪክ በዳይስ ሲያወጣ ያ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችላል። ይህን ሰምተን ስቀን ስናበቃ፥ የራሳችንን ለምን አንደርስም ተባባልን።

እኛ የምንለው በአንድ መኝታ ክፍል ከምንኖር ስድስት ተማሪዎች ሁለታችንን ነው። ሁለታችንም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን ሳይንሱን ከላይኛው ፎቅ ልጆች ለምነን አገኘን። ታሪኩ ይህ ነው። አንዲት መርከብ ወደ ማርስ ትጓዛለች፤ መንገዱ ሰባት ወር ያህል ይወስዳል። ውሃ የሚገኘው ከላብ፥ ከትንፋሽና ከሽንት ተጣርቶ ነው። (አትሳቅ፤ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. ከመቶ 98 እጁን መልሶ ማግኘት ተችሏል።) በእኛም መርከብ ቁጥሩ 98 ነበር፤ አንድ ቀን ጧት 91 ሆኖ ተገኘ። አዛዡ እንደ አባቶቻችን አውጫጪኝ ይጥላል፤ ሌባው ሳይታወቅ ከሸንጎው ማንም አይወጣም። ቢወጣስ ወዴት ይሄዳል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። በኅዳር ወር ከአንዱ ጓደኛችን ሣጥን 800 ብር ጠፍቶ ነበር። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን ሣጥኑን መቆለፍ ጀመረ። እኛ የጠረጠርነው ከሩቅ አገር የመጣውን ዝምተኛውን ጓደኛችንን ነው፤ በዚያው ሳምንት አዲስ ጫማ አድርጎ ነበርና። ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። ዕጣውን እሱ በመጀመሪያ እንዲያወጣ አደረግን፤ በቆቡ ውስጥ የነበሩት አራቱም ወረቀቶች «ውሃ ጠባቂ» ይሉ ነበር። ከዚያ ቆቡን ለወጥን።

ጨዋታው እንደ አሰብነው ሄደ። ሦስቱ ተጫዋቾች እንደ ጥንት ተሟጋች በየተራ እየተነሡ፥ ጋቢያቸውን እያጣፉ «በላ ልበልሃ» አሉት። እሱ አልደነገጠም።

«ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ማጣሪያውን ፈታችሁ አይታችኋል? ምድርን ጠይቁ» አለ።

መርከቢቱ በነበረችበት ርቀት መልእክት ለመሄድ 14 ደቂቃ፥ ለመመለስ 14 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዱ ቀልደኛ «በእውነተኛ ሰዓት እንጠብቃ!» አለና ሁሉም ተስማማ። ሃያ ስምንት ደቂቃ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያልሞከረው አያውቀውም። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳል። ከዚያ ሁላችንም ወለሉን እናይ ጀመር፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ያ ጫማ ነበረ።

«ጫማውን የገዛሁት» አለ ማንንም ሳያይ፤ «አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ እያስጠናሁ ባገኘሁት ነው። ቅዳሜና እሑድ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።»

«ይኸ በጨዋታው ውስጥ ነው ወይስ ከጨዋታው ውጭ?» አለ አዛዡ።

«እሱን እናንተ ንገሩኝ» አለ።

ሰዓቱ ደረሰ። የምድር መልስ ከአንድ ቀን በፊት ተጽፎ በእጃችን ነበር፤ «ጠባቂው ሌሊት ሌሊት ይጠጣል» ይላል። እኛ ግን ወረቀቱን ገልጠን «ማጣሪያው ተሰንጥቋል» ብለን አነበብን። ድምፃችን እንደ ምንጊዜውም አልነበረም።

«እስቲ ወረቀቱን ልየው» ብሎ እጁን ዘረጋ። ወደ ኪሳችን ከተትነው።

800 ብሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገሩን ፊት ለፊት ልንነግረው ሦስት ጊዜ ጀምረን ስለ ፈተና አውርተን ተመልሰናል፤ ስለዚህ ይህን የጻፍነው እሱም እንደሚያነበው አውቀን ነው። ሁለተኛውን ክፍል ከፈተና በኋላ እንጫወታለን፤ ደራሲው እሱ ነው። አንድ ደንብ ብቻ አውጥቷል፤ የዕጣው ወረቀቶች ከመታጠፋቸው በፊት ለሁሉም ይነበባሉ።