ከልጆች ጋር በራሞን አንድ ሌሊት



የሐኑካ በዓል ሲቃረብ ከልጆቻችሁ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ የሚወጣ አንድ ወረቀት አለ። የሚልከው ጾፊም ነው። ጾፊም ማለት በኢትዮጵያ ከተሞች «ስካውት» ይባል የነበረው የልጆች ማኅበር ሲሆን፣ በዚህ አገር ከ1919 ጀምሮ ያለ ነው። ወረቀቱ በዕብራይስጥ እንዲህ ይላል፦ ቲዩል አለ፤ ሁለት ቀን ነው፤ አዳሩ በድንኳን ነው፤ ልጁ የመኝታ ከረጢት፣ ሙቅ ልብስና 3 ሊትር ውኃ ይዞ ይምጣ፤ ወላጅ ይፈርም። አብዛኞቻችን ይህን ወረቀት የምንፈርመው አንብበን ሳይሆን አስነብበን ነው። የሚያነብልን ደግሞ መሄድ የሚፈልገው ልጅ ራሱ ነው። ስለ ብርድ የሚናገረው መስመር አንዳንዴ ሳይነበብ ይታለፋል።

በ2022 የሐኑካ ሰሞን ታናሿ ልጄ 11 ዓመቷ ነበር። ወረቀቱን ስታነብልን እናቴም ከእኛ ጋር ተቀምጣ ትሰማ ነበርና «ቤት ያለው ሰው ሜዳ ላይ የሚያድረው ምን ሆኖ ነው?» ስትል ጠየቀች። ልጅቱ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እኛ ከጎንደር ገጠር ተነሥተን ወደ ሱዳን የሄድነው በ1984 ነው። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቀን ቀን በጫካ ተደብቀን፣ ሌሊት ሌሊት ስንጓዝ ሰንብተን ሱዳን ገባን። ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕ ታናሽ ወንድሜን ቀበርነው። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ውስጥ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። እኛ የተረፍነው በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገባን። ስለዚህ እናቴ «ሜዳ ላይ ማደር» ሲባል ስትሰማ የሚታያት እሳትና ዘፈን አይደለም። እናንተ በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የገባችሁ ቤተሰቦችም ብትሆኑ፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቁ አያቶች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ጥያቄው የኋላ ቀርነት ጥያቄ አይደለም።

እናቴ በመጨረሻ «አንተ አብረሃት ከሄድህ ትሂድ» አለች። እኔም ወደ ማድሪሆቹ ኃላፊ ስልክ ደወልሁ። ለካ ከልጆች ጋር የሚሄድ ወላጅ ይፈልጉ ኖሯል። በዕብራይስጥ «ሆሬ መላቬ» ይሉታል፤ አጃቢ ወላጅ እንደ ማለት ነው። የእኔ ድርሻ ወጥ ቤት ማገዝና ሌሊት በተራ መጠበቅ ነበር። የቲዩሉ ዋጋ ስለከበደንም ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ተቀነሰልን። መጠየቅ አያሳፍርም።

የሄድነው ወደ ማኽቴሽ ራሞን ነው። ማኽቴሽ ማለት ሙቀጫ ማለት ሲሆን፣ ከላይ ከጫፉ ቆሞ ለሚያየው በእውነትም ሙቀጫ ይመስላል። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር ነው። እሳተ ገሞራ አልቆፈረውም፤ ውኃ በብዙ ዘመን እየሸረሸረ ያወጣው ጉድጓድ ነው። በአፋፉ ላይ ያለችው ከተማ ሚጽፔ ራሞን ከባሕር ወለል ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች «ይህ ለእኛ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የበረሃ ብርድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አየሩ ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ደመና የለውም፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ፀሐይ እንደ ገባች ወደ ላይ ይለቀዋል። ቀን በሸሚዝ የሄደ ልጅ ማታ ካፖርት ይፈልጋል። ደግሞም ዕለቱ ዲሴምበር 21 ነበር፤ ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ረጅሙ። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ጠለቀች፤ የወጣችውም በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሐኑካ የሚውለው በኪስሌው ወር መጨረሻ ስለሆነ ጨረቃም አልነበረችም። ኮከብ ግን ነበረ። እንዲህ ያለ ኮከብ ካየሁ ብዙ ዓመቴ ነው።

እንጨቱ ከእኛ ጋር በመኪና ተጭኖ ነው የመጣው። ስፍራው የተጠበቀ ዱር ስለሆነ ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ መስበር ክልክል ነው። ልጅነቴ ማገዶ በመልቀም ያለፈ ነውና፣ እንጨት ከከተማ ወደ ዱር ሲጋዝ ማየት ሳያስቀኝ አልቀረም።

ሲመሽ አራተኛውን የሐኑካ ሻማ ለማብራት ተሰበሰብን። እንደሚታወቀው እኛ በኢትዮጵያ ሐኑካን አናከብርም ነበር፤ እኔም የተማርሁት እዚህ ነው። ነፋሱ ሻማውን ሦስት ጊዜ አጠፋው። ልጆቹ ድንጋይ ደርድረው እንደ ጎጆ ግድግዳ ዙሪያውን ከለሉት፤ አራቱም በሩ። ከዚያ ምስር ወጥ የመሰለ ሾርባ በትልቅ ብረት ድስት ሠራን። በርበሬ ግን አልነበረበትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ እኔ ምስር ብዬ አልጠራውም።

የእኔ የጥበቃ ተራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ባትሪ ይዤ በድንኳኖቹ መካከል ስዞር አንድ ልጅ ከድንኳኑ በር ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አገኘሁ። ቤተሰቡ በ2021 ከጎንደር የገባ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው።

«ምነው አልተኛህም?» አልሁት።

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«በረደህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «በል ጃኬትህን ዝጋ» ብለው ዚፑን ጨብጦ መሳብ አቃተው፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ሦስተኛውን «ደህና ነኝ» ሊል ሲል ምላሱ ተኮላተፈ። እንግዲህ ይህ የብርድ ምልክት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሲንቀጠቀጥ ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው፤ እጁ አልታዘዝ ሲልና ንግግሩ ሲጎተት ግን ብርዱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። በዚህ ጊዜ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» አይባልም። ሖቬሹን፣ ማለት ሕክምና የተማረውን አጃቢ፣ ወዲያው ቀሰቀስሁት።

ልጁን ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ወሰድነው። ካልሲው እርጥብ ነበር፤ ቀን ሲሄድበት በላብ ረጥቦ ሳይቀይረው ነው የተኛው። አውልቀን ደረቅ ካልሲ አደረግንለት፤ ራሱን በሱፍ ኮፍያ ሸፈንነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ቀስ እያለ ጠጣ። የመኝታ ከረጢቱ በወረቀቱ እንደ ታዘዘው ነበረ፤ ግን የበጋ ነው፣ ቀጭን። ሌላ የሚለብሰው ፍለጋ ቦርሳውን ስከፍት ከታች፣ ከሁሉ በታች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጋቢ አገኘሁ። እናቱ የላከችለት ነው።

«ይህን ይዘህ ነው እንዴ የምትንቀጠቀጠው?» አልሁት።

«ይስቁብኛል» አለ።

ጋቢውን አጥፌ ከከረጢቱ ውስጥ አለበስሁት፤ ከሥሩም የእንቁላል ካርቶን ዘርግተን ስፖንጅ ፍራሽ ደረብንበት። ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጥን። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ሄደ፤ ወሬውም መጣ፤ በኋላ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ ሖቬሹ «እንግዲህ ድኗል» አለ።

ይህ ሖቬሽ ገና ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ። ልጁን በዕብራይስጥ «ለምን አልነገርኸኝም? እዚሁ አጠገብህ ነኝ እኮ» ሲለው ልጁ አንገቱን ደፋ። ሖቬሹ እልኸኛ መሰለው። እኔ ደግሞ የተደፋውን አንገት አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ጨዋ ልጅ ማለት ታላቅ ፊት ብሶት የማያወራ፣ ተራበ ጠማኝ የማይል፣ ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» የሚል ልጅ ነው። ይህን ለሖቬሹ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማና «በአማርኛ ‹ቃር ሊ› እንዴት ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በረደኝ» አልሁት። እጁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ጠዋት ከእኛ ልጆች ያገኘውን ሁሉ ወንዱን «በረደሽ?»፣ ሴቷን «በረደህ?» እያለ ሲዞር ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ለሙቀት ከሻይም ይልቅ የረዳቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ማታ አውቶቡሱ ሰፈራችን ሲደርስ የልጁ እናት ቆማ ትጠብቅ ነበር። «በረደህ እንዴ?» አለችው። «አልበረደኝም» አላት። ቀና ብሎ አየኝና «ትንሽ በርዶኝ ነበር» አለ።

ቤት ገብቼ የሆነውን ለእናቴ ነገርኋት። «ልጁ ‹ቃር ሊ› ማለት ነበረበት» ብላት «ቃር ያዘው? ምን አብልታችሁት ነው?» ብላ ልጅቱን በሳቅ ገደለቻት። በአማርኛ ቃር የሆድ ነው፣ በዕብራይስጥ ግን ብርድ መሆኑን ልጅቱ አስረዳቻት። እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ታናሽህም ዝም ያለ ልጅ ነበር» አለች። በ38 ዓመት ውስጥ ስለ እሱ ሳልጠይቃት ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሲያመውም፣ ሲጠማውም፣ «አቤት» ከማለት በቀር ምንም እንዳላለ ነገረችን። ልጄ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲመጣላችሁ፣ ከዕቃው ሁሉ በፊት ልጃችሁን «ቃር ሊ» ማለትን አስተምሩት። ቃሉን ሳይሆን ማለቱን ነው የምለው፤ ቃሉንማ ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል። በርዶት ቢናገር እንደማትቆጡት፣ ማድሪሁም እንደማይንቀው እናንተ ራሳችሁ ንገሩት።

ዕቃውን በተመለከተ የመኝታ ከረጢቱን ስም አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ «ሳቅ ሼና» ይባላል። ስሙ ሳቅ ቢሆንም ቀጭን ከሆነ የሚያስቅ አይደለም። ስትገዙ ወይም ስትዋሱ በላዩ የተጻፈውን ዲግሪ እዩ፤ 15 የሚል ከሆነ የበጋ ነው፣ ለክረምት በረሃ አይሆንም። ከረጢት በራሱ አያሞቅም፤ የልጁን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ነው፤ ስለዚህ ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅ ወይም ካርቶን እንዳትረሱ። ለሌሊት ብቻ የሚሆን፣ ቀን የማይለበስ ደረቅ ካልሲና ደረቅ ልብስ ለብቻ በፕላስቲክ ይታሰር። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ቀጫጭን መደራረብ ይሻላል። የሱፍ ኮፍያ። ሳይበላ አይተኛ። ጋቢም ይሁን፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ጥጥ ስለሆነ ጤዛ እንዳይነካው ከከረጢቱ ውስጥ እንጂ ከላይ አይሁን። የከሰል ምድጃ በፍጹም ወደ ድንኳን አይግባ፤ ከሰል ባይጨስም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ይገድላል። ይህን የምለው በየቤታችንም ስላለ ነው።

ሌላው ጎርፍ ነው። በደቡብ በረሃ የሚዘንበው ዝናብ ሩቅ ሆኖ ውኃው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ያለን ሰው ሊደርስበት ይችላል። በኤፕሪል 2018 በናሐል ጻፊት 10 ወጣቶች እንዲህ አልቀዋል። ስለዚህ ዝናብ ተተንብዮ ቲዩሉ ቢሰረዝ ልጁ ቢያለቅስም ደስ ይበላችሁ፤ ካልተሰረዘም ስልክ ደውላችሁ መንገዱ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቁ። ዕብራይስጣችሁ ቢሰባበር ግድ የለም፤ የእኔም ተሰባብሮ ነው እዚህ የደረሰው።

የጤናውን ቅጽ ስትሞሉ አስም፣ አለርጂ ወይም የሚወስደው መድኃኒት ካለ «ያፍራል» ብላችሁ አትደብቁ። ቦርሳውንም እሱ ከሚያዘጋጅ አብራችሁ አዘጋጁ፤ ጋቢው ከሁሉ በላይ ይሁን። ደግሞ ወረቀቱ ላይ የመነሻው ሰዓት 07:00 ቢል፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። አውቶቡሱ አይጠብቅም።