የወጡትና የቀሩት

የመንግሥት ሠራተኛ ስለ እግር ኳስ ሲጽፍ፣ ጊዜውን በከንቱ እንደሚያጠፋ አድርገው የሚቈጥሩት ሰዎች አይታጡም። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት መነሣቴን የሰማ የቢሮ ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ፣ «ስለ አቃቂ ሌላ የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። አነጋገሩ ትክክል ነው፤ ስለ ወንዛችን፣ ስለ ፋብሪካዎቻችን፣ ጧት ጧት በቃሊቲ መንገድ ላይ ተደርድረው ስለሚቆሙት የጭነት መኪናዎች ብዙ ሊጻፍ ይገባል። ይሁን እንጂ በሰፈራችን ሁለት ሽማግሌዎች ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲከራከሩበት የኖሩ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ግብፅን ድል ያደረገችበት ጨዋታ ነው። ክርክራቸውን እየሰማሁ ስላደግሁ፣ በጽሑፍ ባስቀምጠው ደስ የሚለው አንባቢ ይኖራል ብዬ አሰብሁ።

ነገሩ እንዲገባ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አንድ ላይ የተሰለፈበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ውጭ ሆነች፤ ስለዚህም የኢትዮጵያ ቡድን በካርቱም አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ለፍጻሜ ቀረበ። በዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሁለቱ አገሮች እንደ ገና ሲገናኙ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ። ስምንት ግብ ገብቶብን እኛ አንዲት እንኳ አላገባንም ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ ሕዝቡ ወደ ስታዲየሙ የገባው እነዚህን ስምንት ግቦች በልቡ ይዞ ነው። ቡድኑን የሚያሠለጥኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እኒህ ሰው ኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ናቸው። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ በዚያኛውም ጨዋታ አስቀድማ የመራችው ቱኒዚያ ነበረች። በዚያን ዘመን የተባበረው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅም ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ነበር።

ጨዋታው በተጀመረ በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ የተባለው የግብፅ ተጫዋች የመጀመሪያውን ግብ አስቈጠረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በጭንቀት ሲጠብቅ ቈይቶ፣ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና ስታዲየሙ ተናወጠ። ሰው ባርኔጣውን ወደ ላይ ወርውሮ ገና ሳይቀልበው፣ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባደዊ ሁለተኛውን ግብ አገባ። ያቺን አንዲት ደቂቃ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የሽማግሌዎቹ ክርክር በሙሉ ያለው በእርሷ ውስጥ ነው።

ሁለቱም በዚያን ጊዜ ጐረምሶች ነበሩ። አንደኛው ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ በሽመና ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ሁለተኛው ገና ተማሪ ነበሩ። በፊታቸው ሁለቱንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን የሰፈሩ ሰው ሸማኔውን «የወጡት»፣ ተማሪ የነበሩትን «የቀሩት» ይላቸዋል። እኔም ስማቸውን ከማንሣት ይልቅ በዚሁ ልጥራቸው።

ጋሼ የወጡት በዚያ ምሽት የሌሊት ፈረቃ ነበረባቸው። ወደ አቃቂ የምትመለስ አንዲት የጭነት መኪና ከለገሐር አጠገብ ትጠብቃቸው ነበር። የባደዊ ሁለተኛ ግብ ስትገባ ብድግ ብለው፣ «በቃኝ፣ እኔ እንጀራዬን ላሳድ» አሉና በሰው መካከል እየተጋፉ ወጡ። ጓደኛቸው ኮታቸውን ይዘው ሊያስቀሯቸው ቢሞክሩ ቍልፉ ተበጥሶ በእጃቸው ላይ ቀረ። (ይህን ቍልፍ ጋሼ የቀሩት በአንዲት የክብሪት ቀፎ ውስጥ አኑረውት ነበር፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ክርክሩ ሲጠናባቸው እንደ ሰነድ ማስረጃ ያቀርቡታል።)

ጋሼ የወጡት ገና መኪናዋ ዘንድ ሳይደርሱ ከኋላቸው ጩኸት ሰሙ። 84ኛው ደቂቃ ነበር፤ የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 ያደረገበት። ሮጠው ቢመለሱም በሩ በሰው ተጨናንቆ መግቢያ አልተገኘም። ስለዚህ ሰላሳውን የጭማሪ ደቂቃ የመግቢያ ገንዘብ ካጡ ልጆችና ከሊስትሮዎች ጋር ከግንቡ ውጭ ቆመው በጆሯቸው ተከታተሉት። በ101ኛው ደቂቃ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለሉቻኖ ሰጡት።

ታዲያ ሁለቱ ጓደኛሞች በር ላይ ተገናኝተው፣ መኪናዋም ሄዳ ስለ ነበር፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ የባቡር ሐዲዱን ተከትለው በእግራቸው ወደ አቃቂ ተጓዙ። ክርክሩ የተጀመረው በዚያች ሌሊት ነው።

ጋሼ የቀሩት የሚሉት ግልጽ ነው፤ «ሰው ወገኑ ሲመራ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ደጋፊ አይባልም።» ጋሼ የወጡት ግን እንዲህ ቀላል መልስ የላቸውም። እርሳቸው እንደሚሉት፣ ግብፅ 1 ለ 0 ስትመራ ሰላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ያለ ችግር ተቀምጠዋል፤ ሰው ከመጀመሪያው ያላገኘውን ነገር ማጣት ይችልበታል። ነገር ግን ደስታ ተሰጥቶት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲነጠቅ፣ ያን ጊዜ እግሩ ሳያማክረው ይነሣል። «እኔ ተስፋ ቈርጬ አልወጣሁም፤ ተስፋው ሁለተኛ እንዳይመጣብኝ ፈርቼ ነው የወጣሁት» ይላሉ። በወጣትነቴ ይህ አነጋገር ማምለጫ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከልባቸው መሆኑን አምናለሁ፤ በቢሮ ውስጥ እንኳ ማመልከቻው ለረጅም ጊዜ የቈየበት ባለጉዳይ በትዕግሥት ሲመላለስ፣ ተፈቅዶለት በማግሥቱ የተሻረበት ግን ተመልሶ ደጃፋችንን ሳይረግጥ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደግሞም ጋሼ የወጡት የሚመኩበት አንድ ነገር አላቸው። ጓደኛቸው ውስጥ ቢቀመጡም የመንግሥቱን ግብ አላዩም፤ ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰው ጀርባ ጋርዷቸዋል። «እኔ ግን ሰማሁት» ይላሉ ጋሼ የወጡት። «ልጄ፣ ውስጥ ያለ ሰው ጩኸቱን ነው የሚያውቀው። ከውጭ ላለ ሰው ግን ከጩኸቱ በፊት ዝምታ ይመጣል። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲይዝ ግንቡን አልፎ ይሰማሃል። እኛ ኳሷ መረብ ሳትነካ በፊት አውቀናል።»

እንዲህ ያለ ነገር በአፍሪካ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ፣ ኳሷ እንቁላል የመሰለች፣ በእጅም በእግርም የምትመታ፣ ዋናው ግብ ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ የጨዋታ ዓይነት አለ። በመስከረም 1963 ዓ.ም. በዚያ አገር የፍጻሜ ጨዋታ ካርልተን የተባለው ቡድን እስከ ዕረፍት ድረስ በኮሊንግዉድ በ44 ነጥብ ተመርቶ ሳለ፣ በመጨረሻው 111 ለ 101 አሸንፏል። የተመልካቹ ቍጥር 121,696 ነበር። በተለይ የሚያስገርመው፣ ተቀያሪ ሆኖ የተቀመጠ ቴድ ሆፕኪንስ የሚባል ተጫዋች ገብቶ አራት ግብ ማስቈጠሩ ነው። ሜዳው ለኛም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ማሞ ወልዴን የመሳሰሉ ልጆቿ የሮጡት በዚሁ የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ነው። ይህን ለሁለቱ ሽማግሌዎች ብነግራቸው ጋሼ የወጡት ወዲያው፣ «በዕረፍት ሰዓት የወጣ ሰው ነበርን?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መኖሩ አይቀርም ብላቸው እጅግ ተጽናኑ።

እኔ ራሴም ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርሁ። በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ ተመለስን፣ ሳይገባብን ሁለት ግብ ማግባት ነበረብን። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡና፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በዚያን ዕለት ስለ ሆነው ነገር ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። ግቡ ሳይገባ በፊት ከጐኔ የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሥተው ልብሳቸውን ሲያራግፉ ባይ፣ ሳላስበው የኮታቸውን ጫፍ መያዜን ብቻ ልጥቀስ። ቍልፉ አልተበጠሰም፤ ሰውየውም ተቀመጡ።

አሁን ወደሚከብደው ልለፍ። የቫሳሎ ወንድማማቾች የተወለዱት በአሥመራ፣ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው። ከዚያ ቡድን ሌሎችም ብዙዎች ከዚያው የመጡ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር የጋሼ የቀሩት ሁለተኛ ልጅ ዘመተ፤ አልተመለሰም። ከመርዶው በኋላ እኒያ ስለ 1954ቱ ጨዋታ ሲያወሩ ድካም የማያውቁት ሰው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሰው ነገሩን ቢያነሣባቸው ተነሥተው ይሄዳሉ። የክብሪቷ ቀፎም ከመደርደሪያው ላይ ተነሣች።

በዚህ ሁኔታ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ማታ በጐረቤት የቡና ሥርዓት ላይ ሁለቱም ተቀምጠው ነበር። ጋሼ የወጡት ማንም ሳይጠይቃቸው ለእኛ ለልጆቹ ጨዋታውን ይተርኩ ጀመር፤ ትረካቸውም ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነበር። ግርማ ያገባው በ60ኛው ደቂቃ ነው አሉ። ጋሼ የቀሩት ዝም አሉ። ጥቂት ቈይተው፣ «ሦስተኛዋንም ያገባት መንግሥቱ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ጋሼ የቀሩት ስኒያቸውን በረከቦቱ ላይ በኃይል አኑረው፣

«ኢታሎ ነው!» አሉ። «ምን ታውቅና! አንተ ውጭ አይደል እንዴ የነበርኸው? ኢታሎ ነው ያገባት፤ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«መንግሥቱ መስሎኝ» አሉ ጋሼ የወጡት፣ ቡናቸውን እየጠጡ።

«መስሎኝ ይላል ደግሞ!» ብለው ጋሼ የቀሩት ከዚያ ጀምረው እስከ መጨረሻው ተረኩት። ሲተርኩም እንባቸው ይወርድ ነበር። እናቴ እኛን ልጆቹን ከቤት ልታስወጣን ብትነሣ ጋሼ የወጡት በእጃቸው ከለከሏት። ሰውየው ደቂቃዎቹን በልባቸው የሚያውቁ ሆነው ሳለ ለምን እንደ ሳቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሦስታችን በእኔ ቤት ቴሌቪዥን ተመለከትን። የአገራችን ስታዲየሞች የሚፈለገውን ደረጃ አላሟሉም ተብለው ስለ ነበር፣ ያ «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ድሉ ትልቅ ነበር። ጋሼ የቀሩት ግን ባዶ ወንበሮቹን አተኵረው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ከዚህ ማን ይወጣል፣ ማንስ ይቀራል?» አሉ። በዚሁ ዓመት ማግሥት፣ በመስከረም 2015፣ በደርግ ዘመን ተሰድዶ በኢጣልያ ይኖር የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎ ማረፉን ከስልኬ ላይ አንብቤ ነገርኋቸው። ሁለቱም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጋሼ የቀሩት ባለፈው ዓመት ዐረፉ። በሦስተኛው ቀን በእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ የአርሰናልን ማልያ የለበሰ አንድ ወጣት ለጋሼ የወጡት ቀረብ ብሎ፣ «አባባ፣ እርሳቸው የ54ቱን ጨዋታ አይተዋል ይባላል፤ እርስዎስ ነበሩ?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው ይተርኩ ጀመር፤ 35ኛውን ደቂቃ፣ 74ኛውን፣ 75ኛውን። የሰማሁትን ቀድሜ ስለማውቅ፣ አሁን ይነሣሉ፣ አሁን ኮታቸውን ይያዛሉ እያልሁ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ከቦታቸው አልተነሡም። ሉቻኖ ሲያገባ እዚያው ነበሩ፤ ኢታሎ ሲያገባም እዚያው። የመንግሥቱ ግብ ላይ ሲደርሱ፣ «እርሷን እንኳ አላየኋትም፤ ፊት ለፊቴ አንድ ረጅም ሰው ቆሞ ነበር» አሉ።

የሟቹ ባለቤት ከድንኳኑ ማዶ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ቀና ብለው ተመለከቱኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። ለቅሶ ደራሹ ንፍሮ ሲታደል ወጣቱ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ።