የአባቴን ማሽን ማሸግ

አባቴ የእድሩ ጸሐፊ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከአንድ ባልደረባው አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ የእድሩን ነገር ሁሉ፣ ማን እንደ መሠረተው፣ ድንኳኑ በስንት ብር እንደ ተገዛ፣ ማን ከማን ተጣልቶ በማን ሽማግልና እንደ ታረቀ፣ ማታ ማታ በአማርኛ ይጽፍበት ነበር። እሱ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ፒያሳ የነበረው ሰፈራችንም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እናቴ «ያ የአባትህ ጽሑፍ የት ገባ?» ብላ የጠየቀችኝ ያኔ ነው።

ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ ለአንዱ «ሀ» የሆነው ለሌላው «ጨ» ሊሆን ይችላል። የአባቴን ፋይል በዛሬ ላፕቶፕ ስከፍተው የወጣልኝ ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ድብልቅልቅ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ በዶስ እንጂ በሌላ አይሠራም። እንግዲህ ማሽኑን ራሱን ከሞት ማስነሣት ሊኖርብን ነው።

መሐንዲስ ወዳጄ ሐርድ ዲስኩን እንዳለ ቀድቶ አንድ ፋይል አደረገው። ቀጥሎ የጠራልኝ ስም ኪውኢሙ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኢሙሌተር። በአማርኛ «አስመሳይ» ብንለው ስድብ ይመስላል፤ ሥራው ግን በእርግጥም ማስመሰል ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩን፣ የስክሪን ካርዱን ሁሉ በሶፍትዌር ይመስልና የአባቴ ዶስ ዘመኑ ማለፉን ሳያውቅ እንዲነሣ ያደርገዋል። የአሮጌውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ እየተቀበለ ለአዲሱ ይተረጉማል። ትርጉም ያዘገያል፤ የዚያ ዘመን ማሽን ራሱ ዘገምተኛ ስለ ነበር እኛን አልጎዳንም።

በላፕቶፕ ቢሆን ነገሩ በአንድ ምሽት ባለቀ። እናቴ ግን ላፕቶፕ አትነካም። የፈለግነው መዳፍ የምታህል ራስበሪ ፓይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጣ፣ ስትበራ በቀጥታ የአባቴን ገጽ እንድታወጣ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋም እንዳትበላሽ ነው።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ቢልድሩት የሚባል መሣሪያ አለ። ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ሊኑክስን ከነአስፈላጊ ፕሮግራሞቹ ለሌላ ፕሮሰሰር ከምንጩ ይገነባና ካርድ ላይ የሚገለበጥ አንድ ፋይል ያስረክባል። ኪውኢሙ ቀድሞም ጥቅል ሆኖ እዚያው ተቀምጧል፤ የእኛ ድርሻ የሚያስፈልገንን መምረጥና የአባቴን ዲስክ ከማስነሻው ትእዛዝ ጋር በራሱ ጥቅል መጨመር ነበር። ጥቅል ሲባል ዕቃው አይምሰላችሁ፤ የዕቃው ወረቀት ነው። ከየት እንደሚመጣ፣ ፈቃዱ ምን እንደሆነ፣ ከእሱ በፊት ምን መገንባት እንዳለበት ይጻፍበታል። ኪውኢሙ ግሊብንና ፒክስማንን ካላመጣችሁ አልመጣም ይላል፤ ግሊብም በተራው የራሱን ያስከትላል፤ የሠርግ ጥሪ በሉት። የሚወርደው ፋይል አሻራም ይመዘገባል። አንድ ሌሊት ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ፋይሉ ቢጎድል፣ ቢልድሩት አሻራውን አስተያይቶ፣ ወይ ማውረዱ አልተሟላም፣ ወይ መንገድ ላይ ሰው ገብቶበታል ብሎ ቀጥ አለ። የእድር ኦዲተር እንኳ እንዲህ አይጨክንም።

ዋናው ስሕተት ግን የራሳችን ነበር። ኪውኢሙ የሚመስላቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲበቃን ሁሉንም መርጠን ግንባታው ሲንቋቋ አደረ። ጠዋት ካርዱን ብንከት ስክሪኑ ጨለማ። ለካስ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ኤስዲኤልን መምረጥ ረስተናል። ኪውኢሙ ምስሉን በኔትወርክ ለሚመጣ ተመልካች አሰናድቶ ይጠብቃል፤ የአባቴ ዶስ ተነሥቶ፣ ገጹን ከፍቶ፣ ማንም በማያየው ቦታ ተቀምጧል። ይህን ሳውቅ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሆዴ ባባ። እንደገና ገነባን።

ካርዱ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት፣ የሚለወጥ ነገር ሁሉ በጊዜያዊ ቦታ ብቻ ተይዞ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ያደረግነው በእኔ ውትወታ ነው። ከአባቴ ጽሑፍ አንዲት ነጥብ እንድትነካ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡናዋን አፍልታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ሰማያዊው ገጽ ላይ ወፋፍራሞቹ ፊደሎች ወጡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ ልክ አይደለም። ድንኳኑን ገንዘብ አሰባስባ ያስገዛችው እሷ ናት፤ አባትህ የባሏን ስም ጻፈ። ያኔም ነግሬው ነበር።»

ኪቦርዱን ሳበች። በአንድ ጣት፣ ቁልፎቹን እየሞከረች፣ ሩብ ሰዓት ፈጅታ የሴትየዋን ስም ጻፈች። በማግስቱ ስናበራው የባልየው ስም ተመልሷል።

«የኔን የት አደረስከው?» አለችኝ።

ወዳጄን ጠየቅሁት። ዲስኩን ወደሚጻፍበት ክፍል ማዛወርና ከማስነሻው ትእዛዝ አንዲት ቃል መሰረዝ ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው አለኝ። እናቴ በየቅዳሜው ትጠይቀኛለች። ቃሏን እስካሁን አልሰረዝኳትም።