መርፌውን የከለከልኩት እኔ ነኝ

የታናሽ እህቴ ሕክምና የዘገየው በሐኪም ቸልታ ወይም በመድኃኒት እጦት አይደለም፤ በእኔ ነው። ቤተሰቡ ግማሹን ያውቃል። ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም።

አንገቷ ላይ ያበጠውን እጢ ያየው ሐኪም በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ይመርመር አለ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። እጢ በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እውነት መሆኑን ግን ሐኪሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። «ወንድም ጋሼ፣ ያሉትን ብናደርግስ?» ስትለኝ ተቆጣኋት። ብር ተበድሬ ኤምአርአይ አስነሣኋት። እንዲህ ያለ ትልቅ መሣሪያ ያለ መርፌ ሁሉን ይነግረናል ብዬ ነበር።

ፊልሙ ላይ እርስ በርስ የተጣበቁ እጢዎች ይታያሉ። መሐላቸው ሞቷል፤ በደም ሥሯ የተሰጣት ንጥረ ነገር ዳር ዳራቸውን ብቻ እንደ ቀለበት አድምቆታል። ሪፖርቱ ቲቢ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ፣ ወደ እጢ የተዛመተ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል በናሙና ይረጋገጥ ይላል።

እኔ ካንሰር የሚለውን ብቻ አነበብኩ። ሪፖርቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅሁና «ደህና ነው ብለዋል» አልኳት። ቤተሰቡ የማያውቀው ይህንን ነው። እሷም አመነችኝ።

ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ እጢው የት ድረስ እንደገባ፣ ከደም ሥርና ከጡንቻ ምን ያህል እንደተጠጋ አጥርቶ ያሳያል። የቲቢን ባክቴሪያ ግን አያሳይም። መሐሉ የሞተ፣ ዳሩ የደመቀ እጢ ከቲቢም ከካንሰርም ሊመጣ ስለሚችል መለያው ናሙና ነው። በናሙና መለየት እንዳለበት እጄ ላይ በነበረው ወረቀት ተጽፎ ነበር።

እኔ ዝም ባልኩባቸው ወራት እጢው ቆዳዋን ቀድዶ መግል ማውጣት ጀመረ። ያኔ የተወሰደው ናሙና ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ሲታይ ቲቢ ሆነ። 2 ወር 4 ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር 2 ዓይነት፤ በጤና ጣቢያ፣ ያለ ክፍያ። ዳነች። በጊዜ ቢጀመር ኖሮ ምናልባት የማይኖር ጠባሳ አንገቷ ላይ ቀረ።

ስለ መርፌው ይቅር ብላኛለች። ስለ ሪፖርቱ ግን ይህን ከማሳተሜ በፊት ነገርኳት፤ አለቀሰች፣ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ፈርቼ ነበር ማለት ሰበብ አይሆነኝም፤ ፍርሃቱን መሸከም የነበረብኝ ከእሷ ጋር ነበር እንጂ እሷን አታልዬ አልነበረም።

የአንገት እጢ አብጦ አልጠፋ ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሐኪም ናሙና ይወሰድ ሲል አትከልክሉ። ስጋት ካላችሁ እዚያው ሐኪሙን ጠይቁት። ውጤቱንም ለራሱ ለታማሚው ስጡት።