ትልልቆቹ ያላዩት ደንበኛ

ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ትራንሽን የተባለው ይህ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመሠረት የአፍሪካ የሞባይል ገበያ በኖኪያና በሳምሰንግ እጅ ነበር። መሥራቹ ዡ ዣኦጂያንግ በተጨናነቀው የአገሩ ገበያ አልተጋፋም፤ ሌሎች በንቀት ወደሚያዩት ገበያ ፊቱን አዞረ። የት እንደማይወዳደሩ መወሰን የስልት ሁሉ መጀመሪያ ነው።

*

በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መደወል ውድ ስለነበር፣ ሰው ሁለት ሦስት ሲም ካርድ ይዞ እየነቀለ እየሰካ ይደውል ነበር። ይህን ያላየ ሻጭ አልነበረም። ቴክኖ ግን ቀድሞ ባለሁለት ሲም ስልክ ይዞ ቀረበ። እኛ ዘንድ ያኔ የነበረው አንድ ቴሌ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ሲም ጥቅም በደንብ የገባን ሳፋሪኮም በ2022 አገልግሎት ሲጀምር ነው።

*

የስልክ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው ነጭ ቆዳን ታሳቢ አድርጎ ነበር። ጥቁር ሰው ማታ ፎቶ ሲነሳ ፊቱ ጨልሞ ይቀራል። ትራንሽን ካሜራው ዓይንንና ጥርስን ተከትሎ ፊትን እንዲለይ፣ ብርሃኑንም ለጥቁር ቆዳ እንዲያስተካክል አደረገ። መልኩን በፎቶ አጥርቶ ያየ ሰው ስልኩን ለጓደኛው ያሳያል፤ ይህን የሚያህል ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

*

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ቶሎ የማያልቅ ባትሪ፤ አማርኛ፣ ሐውሳና ስዋሂሊ ለሚጽፍ እጅ የየቋንቋው የፊደል ገበታ። ኩባንያው በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፈተ። ከእነዚህ አንዱም የረቀቀ ፈጠራ አይደለም። ሁሉም የተገኙት ደንበኛውን ቀርቦ ከማየት ነው።

*

ሦስቱ ስሞች የተለያየ ኪስ ላለው ሰው የተዘጋጁ ናቸው። አይቴል ለዝቅተኛው ገቢ፣ ቴክኖ ለመካከለኛው፣ ኢንፊኒክስ ለወጣቱ። በየከተማው የሱቅ ግድግዳ የቴክኖን ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ከዚህ ሁሉ በላይ ብልህነት የማየው ግን ካርልኬር በተባለው የጥገና አገልግሎት ነው። በብዙ ልፋት ገንዘብ አጠራቅሞ ስልክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቢበላሽስ?» ብሎ ነው።

*

ሙገሳው እዚህ ላይ ይቆማል። በ2020 ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ላይ ቀድሞ የተጫነ ጎጂ ሶፍትዌር መገኘቱ ይፋ ሆነ። ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች እያስመዘገበ የሞላውን ሂሳብ ይበላ ነበር። ኩባንያው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ ወገን አመካኘ፤ ማስተካከያም ለቀቀ። ስሙ የተለጠፈው በስልኩ ላይ ነውና ኃላፊነቱም የራሱ ነበር። ርካሽ ዕቃ የገዛ ድሃ ርካሽ ጥበቃ አይገባውም።

*

ትራንሽን በ2019 ወደ ሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ በአፍሪካ የስልክ ሽያጭ መሪ ሆኖ ነበር። ለዚህ የበቃው ከኖኪያ የላቀ ቴክኖሎጂ ኖሮት አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች፣ የውጭውን መተግበሪያ ከመቅዳታችሁ በፊት መርካቶ ውረዱ፤ ነጋዴው፣ ተሸካሚውና ደላላው በስልካቸው ምን እንደሚቸገሩ ጠይቁ። ገበያችሁ እዚያ ነው።