ራስ ደጀንን አልወጣሁም

ራስ ደጀንን አልወጣሁም። ፎቶዎቼን ያየ ሰው ሁሉ የወጣሁ ይመስለዋል፤ እኔም «ኧረ አልወጣሁም» ብዬ አላረምኩም።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ። ግን ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ። «ለከፍታ አዲስ አይደለሁም» ብዬ ተኩራራሁ።

የራስ ደጀን መንገድ ግን ዝም ብሎ ሽቅብ አይደለም። ከጨነቅ ተነስታችሁ 4,200 ሜትር ገደማ ያለውን የቧሂት ማለፊያ ትወጣላችሁ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለው እንኳን አያዩዋችሁም። ከዚያ በስንት መከራ ያገኛችሁትን ከፍታ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ መሸሃ ወንዝን ትሻገራላችሁ። ከወንዙ እስከ አምቢቆ እንደገና ዳገት ነው። ጉልበቴ የተንቀጠቀጠው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው።

አምቢቆ አድረን በማግስቱ በጨለማ ተነሳን። ጅብራዎቹ መሀል ስንደርስ ራሴን ይወጋኝ ጀመር፤ ቀጥሎ አቅለሸለሸኝ። ጫፉ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ነው የሄድኩት። ቢሆንም ደበቅኩ። 200 ሜትር ቢቀረኝ ነው።

ጠመንጃ ያነገቱት ስካውት ግን ስንገዳገድ አይተውኛል።

«ልጄ፣ ተመለስ። ተራራው የትም አይሄድም።»

«አባቴ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«የቀረህማ መመለሻው ነው።»

ተመለስኩ። ስንወርድ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፤ እፍረቱ ግን አብሮኝ አዲስ አበባ ገባ። እናቴ በር ላይ ጠብቃ «ጫፉ ላይ ወጣህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። አንድ ቀን እውነቱን እነግራታለሁ አልኩ፤ እዚያው ደጃፋችን ላይ፣ ቡና እየጠጣን። ምን ያስቸኩላል?

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ጎረቤቶቻችን ወደየአቅጣጫው ተበተኑ፤ እኛም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። ሰፈሩ የሚጠብቀኝ፣ ተራራው የሚያመልጠኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔስ ይሁን፤ ለጎረቤቱ የነገርኩትን የት አግኝቼ ላርመው?»

ከጎረቤቶቻችን አንዳችሁ ይህን ካነበባችሁ፦ ራስ ደጀንን አልወጣሁም። ገና ነኝ።