ሜኑው ለማን ነው?

ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የትምህርት ክፍላችንን የሙከራ ድረ ገጽ ስሠራ ከጓደኞቼ ጋር ያከራከረን ሜኑው ነበር። እነሱ "ብልጭ ድርግም ይበል፣ አለበለዚያ ማርክ አታገኝም" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ውጤቱን ለማየት የቸኮለ ተማሪ ትርኢት አይፈልግም ባይ ነኝ።

ኤታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ያወጣለት ስልት አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት እንዲስተካከል ያደርጋል። በዚሁ መሠረት አምስቱ ማስፈንጠሪያዎች በኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በሞባይል ላይ ግን "ማውጫ" ከሚል ቁልፍ ሥር ይገባሉ። ሦስት መስመር ብቻ ያለው ምልክት ለለመደው እንጂ ለአዲስ ገቢ ምን ይነግረዋል? ቁልፉም አውራ ጣት እንዳይስተው 44 ፒክስል ቁመት አለው።

ሜኑው ሲከፈት በ200 ሚሊሰከንድ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ ከየት እንደመጣ ለማሳየት ይበቃል። የሚለወጡት ትራንስፎርምና ኦፓሲቲ ብቻ ስለሆኑ ብራውዘሩ ገጹን እንደገና አይደረድርም፤ ደከም ያለ ስልክም አይንቀራፈፍም። እንቅስቃሴ የሚያዞረው ሰው ስልኩን "እንቅስቃሴ ቀንስ" ብሎ ካዘዘው ደግሞ ሜኑው ዝም ብሎ ይከፈታል።

ማርኩን ገና አላወቅሁም። ቢሆንም በእኔ አስተያየት ጥሩ ሜኑ ማለት ተማሪው የፈለገውን አግኝቶ ሲሄድ ትዝ የማይለው ነው።